እጅ ሲያጥር ባንክ እንዳይቆርጥብን፦ ስለ ኦቨርድራፍት ክፍያ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ አሜሪካ ለሚኖር፣ ደሞዙን ከቀን ቀን ለማድረስ ለሚጨነቅ ሰው የተዘጋጀ ነው። ምሳሌዎቹ በብዛት ከዲሲ፣ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ ናቸው። የፌዴራል ሕጉ ግን የትም ስቴት ቢኖሩ ያው ነው። ሁሉንም ማንበብ አይጠበቅብዎትም። ጊዜ ከሌለዎት ሁለተኛውን ጥያቄ ብቻ አንብበው ባንክዎ ጋ ይደውሉ።

ኦቨርድራፍት ክፍያ ምንድነው?

ሂሳብዎ ላይ ካለው በላይ ሲያወጡ ባንኩ የጎደለውን ከራሱ ሞልቶ ይከፍላል። ሂሳብዎ ኔጌቲቭ (ከዜሮ በታች) ይገባል። ለዚህ ብዙ ባንኮች 35 ዶላር ገደማ ይቆርጣሉ። ክፍያው የጎደለውን መጠን አያይም። የ6 ዶላር ማኪያቶም ሆነ የ300 ዶላር ጎማ እኩል 35 ያስቆርጣል። በአንድ ቀን ሦስት ቦታ ካርድ ከተጠቀሙ ደግሞ ሦስት ጊዜ ሊቆረጥ ይችላል።

አገር ቤት ኦቨርድራፍት የሚባለው በብዛት ነጋዴ ከባንክ ጋር ተፈራርሞ የሚወስደው ብድር ነው። ተራው ደንበኛ ገንዘብ ከሌለው ካርዱ አይሰራም፣ በቃ። እዚህ ግን ካርዱ ይሰራል፤ ዕዳው በኋላ ይመጣል። አዲስ የመጡ ሰዎች ሳያስቡት የሚነከሩት እዚህ ላይ ነው።

ባንኩ «አልከፍልም» ብሎ ቼኩን ወይም ቢሉን ሲመልሰው ሌላ ጉዳይ ነው። ቀድሞ ለዚህም እኩል ያስከፍሉ ነበር። አሁን አብዛኞቹ ትልልቅ ባንኮች ትተውታል። ነገር ግን አከራይዎ ወይም የኢንሹራንስ ድርጅቱ ለተመለሰበት ቼክ የራሱን ቅጣት ሊጠይቅ ይችላል።

ዛሬውኑ ላደርገው የምችለው አንድ ነገር ቢኖር ምንድነው?

በዴቢት ካርድ ሲገዙና ከኤቲኤም ሲያወጡ የሚሰራውን ኦቨርድራፍት ማስዘጋት።

እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ የሚሰራ የፌዴራል ደንብ አለ። በዚህ ደንብ መሠረት ባንኩ አስቀድሞ ፈቃድዎን ሳያገኝ በእነዚህ ሁለቱ ላይ የኦቨርድራፍት ክፍያ ማስከፈል አይችልም። እሺ ካላሉ፣ ገንዘብ ሲጎድል ካርዱ እንቢ ይላል እንጂ ምንም አይቆረጥም። ችግሩ፣ አካውንት ስንከፍት ብዙዎቻችን እሺ ብለን ፈርመናል። ሠራተኛው በፍጥነት ያወራል። «ፕሮቴክሽን» የምትል ቃል ትሰማለች። ጥሩ ነገር መስሎን እንፈርማለን።

ፈቃዱን በፈለጉ ጊዜ ማንሳት ይችላሉ። አያስከፍልም። በብዙ ባንኮች አፕ ውስጥ «ኦቨርድራፍት ሴቲንግ» የሚል ቦታ አለ፤ እዚያ ገብተው ያጥፉት። ካላገኙት ካርድዎ ጀርባ ላይ ባለው ስልክ ይደውሉና እንዲህ ይበሉ፦ «አይ ዋንት ቱ ኦፕት አውት ኦፍ ኦቨርድራፍት ከቨሬጅ ፎር ማይ ዴቢት ካርድ»። ሠራተኛዋ ጥቅሙን ልታስረዳዎት ትችላለች። አመስግነው ያንኑ ይድገሙት። ከዚያ ማረጋገጫ በኢሜይል እንድትልክልዎት ይጠይቁ።

«ካርዴ ሰው ፊት እንቢ ቢለኝስ?» የሚሉ ብዙ ናቸው። ይገባኛል። ከኋላ ሰው ተሰልፎ፣ እንጀራውና በርበሬው ካሸሩ ፊት ተደርድሮ፣ ማሽኑ «ዲክላይንድ» ሲል መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ያሰኛል። ግን ባለሱቁ ዕቃውን እስኪመለሱ ጥግ ያደርግልዎታል። ነገሩ በደቂቃ ያልፋል። 35 ዶላር ግን እጅ ባጠረበት ሳምንት የልጅ ወተትና የአውቶቡስ ገንዘብ ነው። ይሉኝታችን ይህን ያህል ሊያስከፍለን አይገባም። ሌሊት መንገድ ላይ ቤንዚን እንዳያልቅብዎት ከሰጉ ደግሞ 20 ዶላር ካሽ መኪናው ውስጥ ያስቀምጡ።

አስዘግቼው ነበር። ከዚያ በኋላ ግን አሁንም ተቆረጠብኝ። እንዴት?

ደንቡ የሚጠብቅዎት ከኤቲኤምና ከአንድ ጊዜ የካርድ ግዢ ብቻ ነው። ቼክ፣ ከአካውንት ቁጥርዎ በቀጥታ የሚወጣ ቢል፣ በየወሩ ካርድ ላይ የሚመጣ ክፍያ (ጂም፣ ስልክ፣ የፊልም አፕ) ከደንቡ ውጭ ናቸው። በእነዚህ ላይ ባንኩ ሳይጠይቅዎት ከፍሎ ሊያስከፍልዎት ይችላል።

ስለዚህ የካርዱን ኦቨርድራፍት ካስዘጉ በኋላ የሚቀርዎት ጠላት አውቶፔይ (ቢሉ በቀኑ በራሱ እንዲወጣ የፈቀዱት ክፍያ) ነው። ወረቀት አውጥተው በአውቶፔይ የሚወጡትን በሙሉ ከነቀናቸው ይጻፉ። የረሱት አንድ ሁለት አይጠፋም። በነጻ ሙከራ ጀምረው ሳይዘጉት የቀረ ነገር ካለ ዛሬ ይዝጉት።

ስልኬ ላይ ገንዘብ እንዳለኝ እያየሁ እንዴት ኔጌቲቭ ገባሁ?

ይህ በጣም የሚያበሳጭ ነው። ምክንያቱም ሰው ተጠንቅቆም የሚወድቅበት ነው። ስልክዎ ላይ የሚያዩት ቁጥር ሁልጊዜ እውነተኛውን ቀሪ አያሳይም።

የመጀመሪያው ምክንያት ገና ያልተወራረደ ክፍያ ነው። የጻፉትን ቼክ ሰውዬው ካልመነዘረው አፑ አያውቀውም። ሬስቶራንት በልተው 40 ዶላር ካርድ ላይ ቢያልፍ፣ የጻፉት ቲፕ ተጨምሮ 48 ሆኖ የሚወጣው ከቀናት በኋላ ነው። በመሀል አፑ ላይ ያዩት 8 ዶላር የእርስዎ አልነበረም።

ሁለተኛው ቤንዚን ነው። ታክሲና ኡበር የሚነዱ ወገኖች ይህን ያውቁታል። ማደያው ፓምፕ ላይ ካርድ ሲያስገቡ ምን ያህል እንደሚቀዱ ስለማያውቅ፣ 100 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ አስቀድሞ ሊይዝ ይችላል። የቀዱት የ25 ዶላር ቢሆንም የተያዘው እስኪለቀቅ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ይወስዳል። በዚያ መሀል ሌላ ቢል ከመጣ ገንዘብ የለም ይባላል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ እጅ ባጠረ ሳምንት ፓምፑ ላይ ሳይሆን ውስጥ ገብተው «20 ዶላር» ብለው ይክፈሉ። የሚያዘው ያቺው 20 ብቻ ናት።

ሦስተኛው ያስገቡት ቼክ ነው። ቅርንጫፍ ሄደው ያስገቡት ቼክ ሙሉው ወዲያው አይለቀቅም። እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2025 ወዲህ ባንኩ በማግስቱ የሥራ ቀን የመልቀቅ ግዴታ ያለበት የመጀመሪያውን 275 ዶላር ነው። ቀድሞ 225 ነበር። ቀሪው ይቆያል። አካውንቱ አዲስ ከሆነ ወይም ቼኩ ትልቅ ከሆነ ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል።

አራተኛው ቅደም ተከተሉ ነው። እንበልና ሂሳብዎ ላይ 60 ዶላር አለ። በዚያ ቀን እንጀራ 18፣ ፓርኪንግ 9፣ ቡና 6 ከፈሉ። ማታ ላይ የመኪና ኢንሹራንስ 128 መጣ። ባንኩ ትንንሾቹን ካስቀደመ ሦስቱ በሰላም ያልፋሉ፤ ኢንሹራንሱ ብቻ ይጎድላል። አንድ ክፍያ፣ 35 ዶላር። ትልቁን ካስቀደመ ግን 60ው መጀመሪያውኑ ያልቃል። አራቱም በኔጌቲቭ ይወራረዳሉ፤ 140 ዶላር። ገንዘቡ ያው፣ ግዢው ያው፣ የተለወጠው የባንኩ ተራ አሰጣጥ ብቻ ነው።

ይህ ፈጠራ አይደለም። ትልቁን እያስቀደሙ ክፍያ ማብዛት ለዓመታት የተለመደ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ካሊፎርኒያ ያለ የፌዴራል ፍርድ ቤት በዚህ ጉዳይ ዌልስ ፋርጎ 203 ሚሊዮን ዶላር እንዲመልስ ፈርዷል። ባንክ ኦፍ አሜሪካም በ2011 ተመሳሳይ ክስ በ410 ሚሊዮን ዶላር አስታርቋል። ዛሬ ብዙ ባንኮች ቅደም ተከተሉን ለውጠዋል። የእርስዎ ባንክ እንዴት እንደሚያደርግ ግን አካውንት ሲከፍቱ በተሰጥዎት ሰነድ ላይ ተጽፏል። ይጠይቁ፣ የመጠየቅ መብት አለዎት።

በአጭሩ አፑ ላይ ካለው ቁጥር ይልቅ የራስዎን ማስታወሻ ይመኑ። የስልክዎ ኖት ላይ የጻፉት ቼክና የሚመጣው ቢል ቢሰፍር ይበቃል።

ደሞዜ የሚገባው አርብ ነው። ቢሎቹ ግን ረቡዕ ይወጣሉ። ምን ይሻለኛል?

የብዙ ሰው ችግር ገንዘብ ማጣት ብቻ አይደለም። ገንዘቡና ቢሉ በሁለት ቀን መተላለፋቸው ነው። ይህ ደግሞ በስልክ ሊስተካከል ይችላል።

የመብራት፣ የስልክ፣ የኢንሹራንስና የክሬዲት ካርድ ድርጅቶች ብዙዎቹ የመክፈያ ቀን ይለውጡልዎታል። መጠየቅ ብቻ ነው። ደሞዝዎ በየሁለት ሳምንቱ አርብ ከሆነ ቢሉ ከደሞዙ ሦስትና አራት ቀን ዘግይቶ እንዲወጣ ያድርጉ። አርብ ለአርብ አያድርጉት። የመንግሥት በዓል ሲገባ ባንኮች ስለማያስተላልፉ ደሞዝ አንድ ቀን ሊዘገይ ይችላልና።

የማይለወጠውን ከአውቶፔይ አውጥተው በእጅዎ ይክፈሉ። አዎ፣ ማስታወስ ይጠይቃል። ግን መቼ እንደሚወጣ የሚወስኑት እርስዎ ይሆናሉ።

የቤት ኪራይ ከበድ ያለው ነው። ገንዘቡ ሳይኖር ቼክ ጽፎ መስጠት በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው፦ የባንኩ ክፍያ፣ የተመለሰ ቼክ ቅጣት፣ ከዚያ ላይ የመዘግየት ቅጣት። ዲሲ ውስጥ አከራይ የመዘግየት ቅጣት ማስከፈል የሚችለው ኪራዩ ከአምስት ቀን በላይ ሲዘገይ ነው፤ ከኪራዩ 5 በመቶ መብለጥም አይችልም። ስለዚህ ደሞዙ ከወሩ መጀመሪያ ሦስት ቀን ቢዘገይ፣ ባዶ ቼክ ከመስጠት አከራዩን አስቀድሞ ማናገር ይሻላል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ጋ ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ የራሳቸው ጣሪያ አላቸው፤ ውልዎን ይመልከቱ።

ሁለት ቼኪንግ አካውንት መያዝም ይረዳል። አንዱ ለቢል፣ አንዱ ለካርድ። ደሞዙ ሲገባ የቢሉን ድርሻ ወዲያው ያዛውሩና ለዚያኛው ካርድ አይያዙ። ነጻ አካውንት መሆኑን ብቻ ያረጋግጡ።

ሊቆረጥ የተቃረበ ክፍያ ማስቆም እችላለሁ?

ይችላሉ። በየጊዜው ከአካውንትዎ እንዲወጣ የፈቀዱት ክፍያ ከሆነ፣ ከሚወጣበት ቀን ቢያንስ 3 የሥራ ቀን አስቀድመው ለባንኩ ይንገሩ። ባንኩ የማስቆም ግዴታ አለበት። በስልክ ከነገሩት በ14 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲያረጋግጡ ሊጠይቅዎት ይችላል። ለማስቆሙ የሚያስከፍሉ ባንኮች ስላሉ አስቀድመው ይጠይቁ። የተሻለው መጀመሪያ ድርጅቱ ጋ ደውሎ ፈቃዱን ማንሳት ነው። ዕዳው ግን አይጠፋም፤ የሚቆመው መውጣቱ ብቻ ነው።

አሁን ኔጌቲቭ ገብቻለሁ። ገና ዛሬ ነው። ምን ላድርግ?

ፈጠን ይበሉ። አንዳንድ ባንኮች ጊዜ ይሰጣሉ። ቼዝ የሥራ ቀኑ ሲያልቅ ጉድለቱ 50 ዶላር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ አያስከፍልም። ከ50 ከበለጠም እስከ ማግስቱ የሥራ ቀን መጨረሻ ወደ 50 ካወረዱት አያስከፍልም። ዌልስ ፋርጎም ተጨማሪ አንድ የሥራ ቀን ይሰጣል። ፒኤንሲ በአንዳንድ አካውንቶቹ ላይ ቢያንስ 24 ሰዓት ይሰጣል። እነዚህ አሠራሮች ስለሚለዋወጡ ወደ አፑ ገብተው የሰዓቱን ገደብ ይዩ።

ካሽ ካለዎት የባንኩ የራሱ ኤቲኤም ላይ ያስገቡ፤ ከሌላው ሁሉ ፈጥኖ ይቆጠራል። ወንድም ወይም ጓደኛ በዜል (ከባንክ ወደ ባንክ ገንዘብ መላኪያ) ቢልክልዎትም ብዙ ጊዜ በደቂቃ ይደርሳል። ቼክ ማስገባት ግን ለዚህ አይሆንም፤ እስኪለቀቅ ጊዜው ያልፋል። እስኪስተካከል ካርዱን አይንኩት።

የተቆረጠብኝን ማስመለስ ይቻላል?

ብዙ ጊዜ አዎ፤ በተለይ የመጀመሪያዎ ከሆነ። ሕግ አያስገድዳቸውም። ግን ሠራተኞቹ የመመለስ ሥልጣን አላቸው። ስለማንጠይቅ ነው የሚቀርብን።

መጀመሪያ ጉድለቱን ይሙሉ፤ ከዚያ ይደውሉ። በትሕትና፣ ግን ሳይሸማቀቁ። «ኩድ ዩ ፕሊዝ ዌቭ ዚስ ፊ?» ይበሉ። ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይንገሩ፦ ደሞዝ ዘገየ፣ ልጅ ታመመ፣ ክፍያው ሁለት ጊዜ ወጣ። ስንት ዓመት ደንበኛ እንደሆኑና ደሞዝዎ እዚያው እንደሚገባ ይጥቀሱ። ሦስት ከተቆረጠ ሦስቱንም ይጠይቁ። አንዱን እንመልሳለን ካሉ ይቀበሉና ለቀሩት «ሱፐርቫይዘር» ይጠይቁ። እንቢ ካሉ በሌላ ቀን ይደውሉ፤ ሌላ ሰው ሌላ መልስ ሊሰጥ ይችላል። ቅርንጫፍ ሄዶ ፊት ለፊት ማናገርም ለአንዳንድ ሰው የተሻለ ይሠራል።

ይህን ክፍያ ጭራሽ የማያስከፍል ባንክ አለ?

አለ። አላይ ባንክ በ2021 አስቀርቷል። ካፒታል ዋን በዚያው ዓመት መጨረሻ እንደሚያስቀር አስታወቀ። ሲቲባንክ በ2022 ተከተለ። ባንክ ኦፍ አሜሪካ በ2022 ከ35 ወደ 10 ዶላር አውርዶታል።

ባንክዎን መለወጥ ካልፈለጉ እዚያው ውስጥ የአካውንቱን ዓይነት ይለውጡ። ትልልቆቹ ባንኮች ቼክ መጻፊያ የሌለው፣ ኦቨርድራፍትም የማያስከፍል አካውንት አላቸው። በቼዝ «ሴክዩር ባንኪንግ»፣ በባንክ ኦፍ አሜሪካ «ሴፍባላንስ»፣ በዌልስ ፋርጎ «ክሊር አክሰስ» ይባላል። ወርሃዊ ክፍያቸው 5 ዶላር አካባቢ ሲሆን የሚቀርበት መንገድም አለ። እንዲህ ያሉ አካውንቶችን «ባንክ ኦን» የሚባል አገር አቀፍ መለኪያ ያረጋግጣቸዋል፦ ኦቨርድራፍት ክፍያ የለም፣ ለመክፈቻ ከ25 ዶላር በላይ አይጠየቅም። ሠራተኛዋን «ባንክ ኦን አካውንት አላችሁ?» ብለው ቢጠይቋት ታውቀዋለች።

በእኔ አስተያየት በዓመት ሁለት ጊዜ እንኳ የሚቆረጥበት ሰው ወደዚህ ዓይነት አካውንት ቢዛወር ይሻለዋል። 35 ዶላር ሁለት ጊዜ 70 ነው። አዲሱ አካውንት የሚቀርበትን መንገድ ባያገኙ እንኳ ዓመቱን ሙሉ 60 ነው፤ የልብ ምታትም የለውም።

መንግሥት ክፍያውን ወደ 5 ዶላር አውርዶታል ሲባል ሰምቻለሁ። እውነት ነው?

ታቅዶ ነበር፤ አልሆነም። ሲኤፍፒቢ የሚባለው የፌዴራል የሸማቾች ጥበቃ ቢሮ በዲሴምበር 2024 ትልልቅ ባንኮች በአብዛኛው ከ5 ዶላር በላይ እንዳይጠይቁ የሚያደርግ ደንብ አውጥቶ ነበር። ሥራ ላይ ሳይውል ኮንግረስ ሻረው፤ ፕሬዚዳንት ትራምፕም በሜይ 2025 ፈረሙበት። ስለዚህ በዚህ ተማምነው ካርድ አይጠቀሙ። የ2010ሩ የፈቃድ ደንብ ግን አለ።

ቼኪንጉን ከሴቪንግ ጋር ማያያዝ ይጠቅማል?

ሴቪንጉ ውስጥ ገንዘብ ካለ፣ አዎ። ሲጎድል ከዚያ ይወስዳል። ብዙ ባንኮች አሁን ለዚህ አያስከፍሉም። 50 ዶላር እንኳ ቢቀመጥ ብዙ ይከላከላል።

የእቁብ ቀንና የደሞዝ ቀን አልገጥም አለኝ። እንዴት ላድርግ?

እቁብ የክብር ጉዳይ ነው። ማንም ሳምንቱን መዝለል አይፈልግም። ለዚህ ብለው ባዶ ሂሳብ ላይ ቼክ የሚጽፉ ሰዎች አሉ። አያድርጉት። ቼኩ ሲመለስ ባንኩም ሊቆርጥ ይችላል፣ ስምዎም ይነሳል።

ለዳኛው ወይም ለጸሐፊው አስቀድመው ይንገሩ። ዕለተ እሑድ የሚሰበሰብ እቁብን ሁለት ቀን ማስቀደም ወይም ማዘግየት ለአንድ አባል የሚከብድ ነገር አይደለም። በጣም ከጠበበዎትም ዕጣው እንዲቀድምልዎት ይለምኑ። ችግር ላለበት አባል ዕጣ መልቀቅ እቁብ ውስጥ የቆየ ወግ ነው፤ ወለድም የለውም። አዲስ እቁብ ሲገቡ ደግሞ መጠኑን ብቻ ሳይሆን ቀኑንም ይደራደሩ።

ለቤተሰብ ገንዘብ ልኬ ኔጌቲቭ ገባሁ። ለምን?

ምናልባት ገንዘብ መላኪያ አፑ ላይ የመረጡት ካርድ ሳይሆን የባንክ አካውንት ይሆናል። በዴቢት ካርድ ሲልኩ ገንዘቡ መኖሩ ወዲያው ይጣራል። ኦቨርድራፍቱን ካስዘጉም እንቢ ይላል። ከባንክ አካውንት ሲላክ ግን ሂሳቡ የሚወጣው ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ቆይቶ ነው። እስከዚያ ሌላ ነገር ከገዙ ይጎድላል። ያ ደግሞ ቅድም ካልነው የካርድ ጥበቃ ውጭ ነው። እጅ ሲያጥር በካርድ መላክ ትንሽ ቢወደድም ይሻላል።

ልከው ወዲያው ከተጸጸቱ፣ ከከፈሉበት ሰዓት ጀምሮ በ30 ደቂቃ ውስጥ የመሰረዝ መብት አለዎት፤ ተቀባዩ ካልወሰደው ሙሉ ገንዘብዎ ይመለሳል። ይህ የፌዴራል ሕግ ነው።

እናት ወይም እህት ስትደውል «የለኝም» ማለት ከባድ ነው። «አርብ እልካለሁ» ማለት ግን ይቻላል። እነሱ አርብን ይጠብቃሉ። 35 ዶላሩ እኮ ለእነሱ ስንት ነገር ነበር።

አንድ ሰው ቼክ በአካውንትህ አስገባልኝና ግማሹን ላክልኝ አለኝ። ምን ችግር አለው?

አያስገቡ። የታወቀ ማጭበርበሪያ ነው። ባንኩ ገንዘቡን ለቀቀ ማለት ቼኩ እውነተኛ ነው ማለት አይደለም። ከሳምንታት በኋላ ሐሰተኛ መሆኑ ሲታወቅ ሙሉው ገንዘብ ከእርስዎ ይወሰዳል። የላኩት ግን አይመለስም። «ሥራ አገኘንልህ፣ ለዕቃ መግዣ ቼክ እንልካለን» የሚለውም ያው ነው።

ኔጌቲቩን ትቼ ሌላ ባንክ ብከፍትስ? ያሳስራል?

አገር ቤት ስንቅ የሌለው ቼክ ወንጀል ስለሆነ ብዙዎች ይፈራሉ። እዚህ ሂሳብ ኔጌቲቭ መግባቱ ብቻውን ወንጀል አይደለም፤ የባንክ ዕዳ ነው። ለማታለል ብሎ እያወቁ ባዶ ቼክ መጻፍ ግን እዚህም ያስጠይቃል።

ትቶ መሄድ ግን ዋጋ አለው። ባንኩ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ አካውንቱን ዘግቶ ቼክስሲስተምስ ለሚባል መዝገብ ያሳውቃል። ስምዎ እዚያ እስከ 5 ዓመት ይቆያል። ሌላ ባንክ ሲሄዱ «አንከፍትም» ሊሉዎት ይችላሉ። ዕዳው ለሰብሳቢ ድርጅት ከተሸጠ ክሬዲትዎንም ይነካል። ከቻሉ ጥቂት በጥቂት ለመክፈል ይስማሙ። ሲጨርሱ መክፈልዎን መዝገቡ ላይ እንዲያስገቡ በጽሑፍ ይጠይቁ። የራስዎን ቼክስሲስተምስ ሪፖርት በዓመት አንዴ በነጻ ማየት ይችላሉ። ስምዎ ካለበትም ተስፋ አይቁረጡ፤ ብዙ «ባንክ ኦን» አካውንቶች ለእንዲህ ያለ ደንበኛ ክፍት ናቸው።

እስከ ደሞዝ ድረስ የምበደረው ጠፋ። ከየት ላግኝ?

ደሞዝ የሚያስቀድሙ አፖች ይቀላሉ። ነገር ግን በደሞዝ ቀን ገንዘባቸውን ራሳቸው ስለሚወስዱ፣ በማግስቱ ቢሉ ሲመጣ ሂሳብዎ እንደገና ባዶ ይሆናል። «ቲፕ» የሚሉትና በፍጥነት ለመላክ የሚጠይቁት ተደምሮ ትንሽ አይደለም። ከዚህ የከፋው የፔይዴይ ብድር (እስከ ደሞዝ ቀን በከፍተኛ ወለድ የሚሰጥ ብድር) ነው። ዲሲ በ24 በመቶ፣ ቨርጂኒያም ከ2021 ጀምሮ በ36 በመቶ ዓመታዊ ጣሪያ ገድበውታል። ኢንተርኔት ላይ የሚያባብሉት አሁንም አሉና ይራቁ።

የተሻለው ክሬዲት ዩኒየን (እንደ ባንክ የሚሠራ የአባላት የቁጠባና ብድር ማኅበር) ነው። ብዙ የፌዴራል ክሬዲት ዩኒየኖች «ፓል» የሚባል አነስተኛ ብድር አላቸው። ብዙ ጊዜ ከ200 ዶላር ይጀምራል፤ እስከ 2000 የሚሰጡም አሉ። ወለዱ በዓመት ከ28 በመቶ፣ የማመልከቻው ክፍያም ከ20 ዶላር አይበልጥም። አንዳንዶቹ የአንድ ወር አባልነት ይጠይቃሉ። ስለዚህ ችግሩ ሳይመጣ አባል መሆን ይጠቅማል። የመብራትና የምግብ እርዳታ ከፈለጉ ደግሞ 211 ላይ ይደውሉ፤ በአካባቢዎ ያለውን ይጠቁሙዎታል።

እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው። ባንኩ ጋ እንዴት ልከራከር? አቤቱታስ የት አቀርባለሁ?

ስልክ ሲያነሱ መጀመሪያ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊዝ» ይበሉ። ብዙ ትልልቅ ባንኮች በስልክ አስተርጓሚ ያገናኛሉ፤ ጥቂት ደቂቃ ይጠብቃሉ እንጂ አያስከፍሉም። ልጅዎን ለማስተርጎም አያስገድዱት። የባንክ ቃል ለልጅ ከባድ ነው፤ የቤቱንም ጭንቀት ይሸከማል። አብሮዎት የሚሠራ ወይም የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ ጓደኛ ይሻላል። የሚስጥር ቁጥርዎን ግን ለማንም አይስጡ።

ባንኩ ስህተት ሠርቶ አልመልስም ካለ፣ ለምሳሌ ኦቨርድራፍቱን ካስዘጉ በኋላ በካርድ ግዢ ላይ ከቆረጠ፣ ለሲኤፍፒቢ በ855-411-2372 ደውለው አቤቱታ ያቅርቡ። በብዙ ቋንቋ አስተርጓሚ አላቸው። አቤቱታው ለባንኩ ይላካል፤ ባንኮች ብዙውን ጊዜ በ15 ቀን ውስጥ ይመልሳሉ። ዲሲ ነዋሪ ከሆኑ የከተማው የኢንሹራንስ፣ የሴክዩሪቲስና የባንክ መሥሪያ ቤትም አቤቱታ ይቀበላል። ከመደወልዎ በፊት የተቆረጠበትን ቀን፣ መጠኑን፣ ያነጋገሩትን ሠራተኛ ስምና ኦቨርድራፍቱን ያስዘጉበትን ኢሜይል አጠገብዎ ያድርጉ።